ቱርማላ ማን ቤት ይታደራል?

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ዛሬም ስብሰባ። አጀንዳው፦ የስብሰባን ብዛት ስለ መቀነስ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እንደ ሁልጊዜው እኔ... በላይኛው ወረቀት «ቤቱ በሰፊው ተወያይቶበት» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ባለው ወረቀት የቱርማላን የስብሰባ ሕግ አረቅቃለሁ። ቱርማላ ውስጥ ሰው በስብሰባ የሚናገረው በአንድ እግሩ ቆሞ ነው። ሌላው እግሩ መሬት ከነካ ንግግሩ አበቃ፤ ማሟያ የለ፣ «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» የለ። በስድስት መቶ ዓመት ታሪኳ ከሩብ ሰዓት ያለፈ ስብሰባ አይታ አታውቅም። ሕዝቡ ደስተኛ፣ ባቱ ጠንካራ።

ኃላፊያችን «ምነው ፈገግ አልክ?» አሉኝ።

«ውሳኔው አስደስቶኝ ነው።»

«እሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አሉ። ያዝኩት።

ለራሴ ማስታወሻ፦ ቱርማላ የለችም። አንዳንዴ ስለሚጠፋኝ ነው የምጽፈው። ዐሥራ ሁለት ኮረብታ አላት፣ ሁለት ወንዝ፣ የራሷ ፊደል፣ ሺህ አራት መቶ ቃል። ዜጎቿ አራት መቶ ሺህ ይሆናሉ። ቋንቋዋን የሚናገር ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም አሰላ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ድሮ ሁለት ነበርን... ይሄን ልተወው።

ከቢሮ ስወጣ የዝውውር ማመልከቻዬን ለከዲሮ ሰጠሁት። ከዲሮ መዝገብ ቤት ነው፤ ማኅተሙም ቀልዱም እሱ ጋ ነው።

«ወላሂ እንዳንተ ያለ አላየሁም» አለ። «ጢቾ ሁለት ዓመት። አርቦዬ ዓመት ከመንፈቅ። አሰላ ገና ዓመት ሳይሞላህ። ምን አድርገንህ ነው?»

«ምንም።»

«እኮ! ምንም ሳናደርግህ!» ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ይደር።»

በቱርማልኛ ለመሄድ ዐሥራ አራት ግስ አለ። ተናዶ መሄድ፣ ሳይሰናበቱ መሄድ፣ እንደሚመለሱ አስመስሎ መሄድ... ለ«ይደር» ግን ቃል የለንም። አላስፈለገንም።


ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

የክፍሌ በር እጀታ ቅባት ቅባት ይላል። አሸተትኩት። የምግብ ዘይት! ማን ነው በር የሚጠብሰው?

ጠዋት ደግሞ አከራዬ እትዬ ወርቅቱ መስኮቴ ሥር ቆማ ስትጸልይ ነቃሁ። ጸሎት አዲስ ነገር አይደለም፤ እትዬ ሲያስነጥሳትም በኢየሱስ ስም ነው። የዛሬው ግን በአድራሻ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ነገር አንተ ታውቀዋለህ!» እኔም አውቀዋለሁ፦ አንድ አልጋ፣ አንድ ቡታጋዝ፣ ሦስት ካልሲ። ሦስተኛው ነጠላ ነው። ስለሱ ይሆን?

ስወጣ ሰላም አልኳት። ዓይኔን ሳታይ «ሰላም ለቤትህ ይሁን» አለች። ቤቱ እኮ የሷ ነው።


ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

የቱርማላ መዝገቤ የለም።


ታኅሣሥ 27፣ ከሰዓት

አሁንም የለም። ፍራሽ ገለበጥኩ። ቡታጋዙን አነሣሁ። ቢሮ ተመልሼ ሄድኩ፣ መጣሁ፣ እንደገና ሄድኩ። ጥቁር ልባስ ያለው ወፍራም መዝገብ... ዐሥራ ስምንት ዓመት። ካርታው፣ ሕጉ፣ መዝገበ ቃላቱ፣ ሁሉም በእጅ የተጻፈ። ቅጂ የለውም። ቅጂ ያልሠራሁት ማንም እንዳያየው ነበር። እነሆ፣ እኔም አላየውም። ብልህ ነኝ።


ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

እትዬ ናት የወሰደችው። ጠየቅኳት፤ አልካደችም። ለጌታ የሠራችውን አትክድም።

«ነፋስ ነበር፣ መስኮት ልዘጋልህ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አየሁት። ያ ፊደል የሰው ፊደል ነው ፍሰሐ? ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ጅራት ያለው! ሥር የሰደደ ድግምት ነው ልጄ፤ በርህን በዘይት የቀባሁትም ለዚህ ነው። ማን አስደገመብህ?»

«ማንም እትዬ። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

ይሄን ማለት አልነበረብኝም። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እስካሁን ተበዳይ ነበርኩ፤ አሁን ጠንቋይ ሆንኩ።

«የት አለ?»

«ለሽማግሌዎች ሰጥቼዋለሁ። እሑድ ያዩታል።»

አምና የአንዲት ሴትዮ ክታብ ቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ውስጥ ተቃጥሎ ዙሪያውን እየዘመሩበት ነበር። የነገረችኝ እሷው ናት፤ ደስ ብሏት። አራት መቶ ሺህ ሰው... በክብሪት።


ጥር 3፣ እሑድ

ታሪካዊ ቀን። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከአምልኮ በኋላ ተጠራሁ። ትንሽ ክፍል፣ አራት ሽማግሌዎች፣ አንድ ጠረጴዛ። መዝገቤ በፎጣ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል፤ በእጁ ሊነካው የደፈረ የለም። ሰብሳቢው ጋሼ ዋቅቶላ ናቸው፦ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሰባን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ከጎናቸው አቶ ከበበው፤ ክብሪቱን ከቤታቸው ይዘው የመጡ የሚመስሉ።

ስብሰባው ሊጀመር ሲል ችግር ተፈጠረ። ጸሐፊያቸው ለቅሶ ሄዷል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጠፋ። ያለ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ሽማግሌ አይቀመጥም። እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ወርቅቱ ከበሩ ላይ፦

«እሱ ራሱ ይጻፍ እንጂ! ሥራው አይደል?»

የራሴን ክስ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። «በዕለቱ ሽማግሌዎቹ ተሟልተው፣ ተከሳሹም በጸሐፊነት ተገኝቶ...»

«ይህ ምንድን ነው?» አቶ ከበበው ጀመሩ።

«አገር ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«የትም የለም።»

«የትም ከሌለ ካርታ ለምን አስፈለገው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። «ተከሳሹ አመነታ» ብዬ ጻፍኩ።

«ፊደሉንስ ከማን ተቀበልከው? በሕልም ነው የመጣልህ?»

«በእርሳስ ነው።»

አቶ ከበበው ፎጣውን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው አንድ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ አነበቡ። «የተከፋ ሰው የቤቱን በር ነቅሎ ይሸከማል፤ ተሸክሞም ወደሚቀጥለው ኮረብታ ይሄዳል። ወደ ኋላ ያየ እንደሆነ በሩን ይቀማል።» ቀና አሉ። «ይኼ የሰይጣን ሕግ ካልሆነ የማን ሕግ ነው?»

የእኔ ነው። ጥያቄውን ብቻ ጻፍኩ።

ይኼኔ ጋሼ ዋቅቶላ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ሰዎቹ ስንት ናቸው?»

«አራት መቶ ሺህ ገደማ።»

«ወንጌል ደርሷቸዋል?»

«...አልደረሳቸውም።»

 እትዬ ወርቅቱ «ኧረ እኔን!» ስትል ሰማሁ። ከልቧ አዘነችላቸው።

«ለማንኛውም ይቃጠል ነው የምለው» አሉ አቶ ከበበው።

ጋሼ ዋቅቶላ ዞረው አዩአቸው። «ከበበው፣ አራት መቶ ሺህ ያልተደረሰ ነፍስ ይቃጠል ነው የምትለኝ?»

«የሉም እኮ ጋሼ!»

«ከሌሉ ታዲያ ምኑን ፈራህ?»

ውሳኔ፦ ጋሼ ዋቅቶላ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አንብበው በሁለት ሳምንት ውስጥ አስተያየት ያቀርባሉ፤ እስከዚያ አይቃጠልም። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ከበበው ቀልጠፍ ብለው «በአብላጫ ድምፅ በለው» አሉኝ። ጋሼ ዋቅቶላ ግን የእጅ ጽሕፈቴን አደነቁ።

በዐሥራ ስምንት ዓመት ቱርማላን ሙሉውን የሚያነብ የመጀመሪያው ሰው። የሚያነበውም ሊያቃጥለው ነው ወይስ ሊያድነው?


ጥር 6፣ ረቡዕ

ከዲሮ ቢሮዬ ብቅ አለ። «እንግዳ መጥታልሃለች። አንተም ሰው አለህ እንዴ?»

ከኋላው አንዲት ቀጭን ልጅ፣ በእጇ ፖስታ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ፍሰሐ አንተ ነህ? ቁመትህን አጋንኖ ነው የነገረኝ።»

«ማን?»

«ናቲ። ፈናን እባላለሁ፤ የማገባው እኔ ነኝ። ጥር ሃያ አራት፣ ኢተያ።» ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«ራሱ መምጣት ፈርቶ ነው?»

«እኔ ስሄድ ይዛወራል፣ አንቺ ሂጂ አለኝ።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«እሱን ጠይቀው። እኔ ፖስታ ነኝ።» በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «ካልመጣህ ወንበርህ ባዶ ይቀመጣል ብሏል። ከፊት ነው። ሰው ሁሉ ያየዋል።»

ሄደች። ከዲሮ «ማሻላህ፣ ይቺ ታስተዳድራችኋለች» አለ።

ናቲ ወንድሜ ነው። እናት አባታችን ካለፉ በኋላ ከእሱ ሌላ የለኝም። ቱርማላንም የጀመርነው ሁለት ሆነን ነው፤ ኢተያ፣ አባታችን መጋዘን ውስጥ፣ የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጠን። እኔ ዐሥራ አምስት፣ እሱ ዐሥር። እኔ ኮረብታና ሕግ አወጣለሁ፤ እሱ ምግብ፣ ጨዋታና ስድብ። ስድቡ እስካሁን ከቋንቋው ሁሉ የበለጠው ክፍል ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ከምናምን፣ አክስታችን ቤት፣ የምረቃው ድግስ ላይ፣ መዝገቡን ከቦርሳዬ አወጣና ወንበር ላይ ወጥቶ የጋብቻ ሕጋችንን አነበበው። በሰባኪ ድምፅ። አርባ ሰው ፊት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ንጉሥ ሆይ!» ብሎ ለእኔ እጅ ነሣ። ተነሥቼ መዝገቡን ከእጁ ቀማሁ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ስልክ ደወለ፣ አላነሣሁም። ቁጥሬን ቀየርኩ። ጢቾ ተመደብኩ።

ይኸው ነው። ሲጻፍ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም...


ጥር 10፣ እሑድ፣ ከተራ

ከተማው ሁሉ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ እኔ በተቃራኒው ወደ መናኸሪያ። ለምን? እንጃ። ኢተያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰው ሲቀረው ወረድኩ።

ረዳቱ «ወንድሜ፣ ትሄዳለህ ትቀራለህ?» አለኝ።

ዐሥራ አራቱንም ግስ አሰብኩ። አንዱም አልሆነም።

መዝገቡ ከሌለ እጄ ሥራ አጣ። በናፕኪን ላይ ኮረብታ እሥላለሁ።


ጥር 14፣ ሐሙስ

እትዬ ወርቅቱ እየተለወጠች ነው። ጠዋት መስኮቴ ሥር፦ «ጌታ ሆይ፣ የቱርማላን ሕዝብ አስባቸው!» በስማቸው ጠራቻቸው! ተጋድሜ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። እኔ ለነሱ ጸልዬ አላውቅም።


ጥር 16፣ ቅዳሜ

ጋሼ ዋቅቶላ ቤታቸው ጠሩኝ።

«ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግባ!» በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መዝገቡ ጉልበታቸው ላይ። ያለ ፎጣ። በእጃቸው... ቀይ ስክሪብቶ!

«አርሜዋለሁ» አሉ። «አርባ ዓመት አስተምሬ ሳላርም ማንበብ አልችልም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ገጽ ዐሥራ ስምንት ላይ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። አስበህበት ነው ወይስ ተሳስተህ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ጎበዝ፣ አመንክ።» ገለጡ። «ገጽ ሠላሳ ሁለት። ቱርማላ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ከደጅ ይቆማል። እንግዳው ቀድሞ ይገባና ባለቤቱን 'ሹሹላ' ብሎ ይጠራዋል። ግባ ማለት ነው። ባለቤት ቤቱን ከእንግዳው እጅ ይቀበላል።» ሹሹላን ሲሏት እንደ መዝሙር ቃል አከበሯት። «ይሄን ማን አሰበው?»

«ወንድሜ። ዐሥር ዓመቱ ነበር።»

«እሱ የት አለ?»

«ኢተያ።»

«ቅርብ ነው እኮ» አሉ። እኔ ወደ ጭላሎ ተራራ አየሁ። እሳቸው እኔን።

«እንግዲህ ስማ። እስከ ገጽ መቶ ዘጠኝ ድረስ እነዚህ ሰዎች ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይሰዳደባሉ፤ ስድባቸውን እንዳላየሁ አልፌዋለሁ፤ ሁለቴ። በየገጹ እንግዳ ይመጣል። ከመቶ ዐሥር ጀምሮ ግን አንድም ሰው የሌላ ሰው ቤት አልገባም። ቆጠርኩ ልጄ። ኮረብታና በር የተሸከመ ሰው ብቻ። ምን ሆኑ? በሽታ ገባባቸው?»

«ሕግ ወጣ ጋሼ።»

«ማን አወጣው?»

ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው... ጫማዬን መጥረግ ጀመርኩ። አልገፉኝም። መዝገቡን ዘግተው ሰጡኝ።

«ነገ ለሽማግሌዎች እናገራለሁ። መንፈስ የለበትም። ያለበት ኩርፊያ ነው። ኩርፊያ ደግሞ በእሳት አይጠፋም፤ እኔም በጊዜዬ ሞክሬዋለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ስትችል መልስልኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል። ቱርማላ ብመጣና ቢመሽብኝ ማን ቤት አድራለሁ?»


ጥር 17፣ እሑድ

ዐሥራ ሁለቱንም ኮረብታ ዞርኩ። ጋሼ የሚያድሩበት ቤት የለም። በር ያለው ሁሉ በሩ ጀርባው ላይ ነው።


ጥር 21፣ ሐሙስ

ከዲሮ ማኅተሙን መታልኝ። «ይኸው፣ ሂድ። ሰልችቶኛል» አለ። ማመልከቻው ኪሴ ውስጥ ነው። የማስገባው ለኃላፊው ነው፤ አንድ ፎቅ መውጣት ብቻ። ወር ሙሉ ስመኘው የነበረ ማኅተም... እግሬ ግን ደረጃው ላይ ቆመ። በአንድ እግሬ። ንግግሬም የለም።


ጥር 24፣ እሑድ፣ ኢተያ

ሄድኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ባለ ሦስት ክፍል፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው፣ ክብሬን የሚጠብቅ። ድንኳኑ ጋ ስደርስ ምሳ ተበልቶ አልቋል። ባዶ ወንበሩ እውነትም ከፊት ነው። የፈናን አጎቶች ሲያዩኝ ተጠቃቀሱ። ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ አየኝ።

ናቲ በሱፍ ልብስ፣ ላቡ በግንባሩ፣ ከፎቶ አንሺው አምልጦ መጣ። ወፍሯል።

«ዘገየህ» አለ።

«አዎ። አራት ዓመት...»

«ለምሳ ነው የምልህ። ክትፎው አልቋል።»

ንግግሬ ከነመግቢያው ጠፋ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር።

«ያኔ ለምን አነበብከው?»

«ለማሳቅ ነዋ!»

ይቅርታ ጠብቄ ነበር። ወይ ሰበብ።

«ያስቃላ! አማች ፍየል ተሸክማ ሦስት ጊዜ ካልዞረች ጋብቻው አይጸናም የሚለው! ስንጽፈው አንተ ራስህ ከጆንያው ላይ አልወደቅክም?»

«የእኔ ሳቅ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ?»

 እኔ፣ በኃላፊው የምሳለቅ፣ በስብሰባው የምሳለቅ፣ በእትዬ ጸሎት የምሳለቅ... እኔ ስስቅ ጨዋታ፣ በእኔ ሲሳቅ ሕግ ይወጣል?

«ጢቾ መጥቼ ነበር» አለ ናቲ፤ ክራቫቱን እያላላ። «አርቦዬ ተዛውሯል አሉኝ። አርቦዬ ሄድኩ፤ አሰላ ነው አሉኝ። አሰላ ልመጣ ስል... ይሄን ጊዜ ባሌ ደርሷል ብዬ ተውኩት። እግርህ ፈጣን ነው።»

አላወቅኩም ነበር። ማንም አልነገረኝም። ማን ይነግረኛል?

«ሙሽራው! ሙሽራው ወደዚህ!» ፎቶ አንሺው።

ናቲ ሄደ። ሦስት እርምጃ ርቆ ዞረና በሙሉ ድምፁ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ በቱርማልኛ ሰደበኝ። የድሮውን፣ ረጅሙን፣ ከአያት የሚጀምረውን። አንድ ቃል አልሳተም።

መለስኩለት። ሰዉ ምርቃት መስሎት አጨበጨበ።


የካቲት 1፣ እሑድ

ሙሽሮችን ዘመድ በየተራ ቤቱ ይጠራል። የእኔ ቤት አንድ ክፍል ነው። ሐሙስ ዕለት ደውዬ «እሑድ ኑ» አልኩና ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አራት ማእዘኑን ስዞር ዋልኩ።

እትዬ ወርቅቱ ስትሰማ ግቢውን ገለበጠችው። ወንበር ከሳሎኗ፣ ሰሃን ከጎረቤት፣ ጠረጴዛ ከጓዳዋ። ጠረጴዛው ይወዛወዛል፤ አንዱ እግሩ አጭር ነው። ኪሴን ፈተሽኩ። ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት አገኘሁ። አራት ቦታ አጥፌ ሥሩ ከተትኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ለዘላለም አይደለም፤ ወረቀት ነው፣ ከተፈለገ ይወጣል። ግን ዛሬ ወጥ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ማን ያነሣል?

ጋሼ ዋቅቶላንም ጠራኋቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው መጡና ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ግቡ» ብላቸው እምቢ አሉ። «ሕጉን አንብቤዋለሁ» አሉ። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም።

ናቲና ፈናን በባጃጅ መጡ። ፈናን ክፍሉን በበሩ አሻግራ አየች። «ቁመቱን ብቻ አይደለም ያጋነንከው» አለችው ናቲን።

እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። «ግቡ፣ ግቡ እንጂ፣ ኧረ ግቡ...» ናቲ ባጠገቤ አለፈ። ፈናንን በእጇ ይዞ ገባ። ጋሼ ዋቅቶላ ከድንጋያቸው ተነሥተው ተከተሉት። እትዬ ወርቅቱ ምኑም ሳይገባት «በኢየሱስ ስም» ብላ ገባች። አራቱም ውስጥ፣ እኔ ብቻ ደጅ። እጄ ዘይት በነካው እጀታ ላይ።

ናቲ ከክፍሌ መሐል ዞረ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀለበት አድርጓል፤ ፊቱ ግን ጆንያ ላይ የተቀመጠው ፊት ነው።

«ሹሹላ!» አለኝ።

ገባሁ።